የሱስ አማካሪ ለመሆን፦ መምከር ሌላ፣ ማማከር ሌላ

"የሱስ አማካሪ መሆን እፈልጋለሁ፤ የት ልማር?" ይህ ጥያቄ ደሴም ኮምቦልቻም ካሉ ወጣቶች በተደጋጋሚ ይሰማል። ጥያቄው ደስ የሚል ነው። ግራ የሚያጋባው መልሱ ነው። አንዱ "ሳይኮሎጂ ከተማርክ ይበቃሃል" ይላል። ሌላው "በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ የኦንላይን ኮርስ አለ፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል" ብሎ ሊንክ ይልካል። ሦስተኛው ደግሞ "እኔ ራሴ ከሱስ የወጣሁ ነኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ?" ይላል።

ሦስቱም ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ይዘዋል። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። ይህ ሙያ የሚያዘው በማንበብ ብቻ አይደለም፤ ሥራህን እያየ የሚያርምህ ሰው ይፈልጋል። ኮርስ ሞልቷል። ዲግሪም አለ። እኛ አካባቢ ያነሰው አራሚው ነው፤ ይህ ጽሑፍም በዋናነት ይህንን ለማስረዳት ይሞክራል። መጀመሪያ ግን ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ፤ ምክንያቱም ግርታው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መካሪና አማካሪ

ልዩነቱን አማርኛችን ራሱ ይነግረናል። መካሪ ይናገራል፣ ተመካሪ ይሰማል። "አማካሪ" የሚለው ቃል ግን ውስጡ መመካከር አለበት። ሁለት ሰዎች አንድ ጉዳይ ላይ አብረው ያስባሉ ማለት ነው።

እኛ ያደግነው መካሪ በሞላበት አገር ነው። እናት ትመክራለች፣ የንስሐ አባት ይመክራሉ፣ ሼኹ ይመክራሉ፣ የሰፈር ሽማግሌ ይመክራል። ያ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር የሚወረወረውንም ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ "ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው።" ሱስ ያለበት ሰው አማካሪ ፊት የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ተረት ከተተረተበት በኋላ ነው። ጫት ኪስ እንደሚያራቁት፣ አረቄ ጉበት እንደሚጎዳ ከማንም በላይ ያውቃል። ሌላ ምክር ሲጨመርበት አንገቱን ደፍቶ "እሺ" ይላል፤ ወጥቶም ያንኑ ያደርጋል። እሺታው ጨዋነት ነው። ውሳኔ የመሰለው ለመካሪው ብቻ ነው።

የሱስ ምክር አገልግሎት ባለሙያዎች ለዚህ መልስ ያገኙት ቀስ ብለው ነው። ዊልያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ዘዴ አስተዋወቀ፤ በኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር አሳደገው። ዘዴውን በአማርኛ "የለውጥ ፍላጎትን የሚቀሰቅስ ውይይት" ብንለው ያስኬዳል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሱስ ያለበት ሰው ልቡ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ መተው ይፈልጋል፣ መተው አይፈልግም። አንተ "ተው" የሚለውን ጎን ከያዝክ፣ እሱ የቀረውን ጎን ይይዛል። ስትከራከሩ ውላችሁ እሱ ሱሱን በደንብ አድርጎ መከላከል ይለምዳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት የሚያነሳ የከባድ መኪና ሾፌር ነው እንበል። "ጫት ካልቃምኩ ሌሊት መንዳት አልችልም። ሚስቴ ደግሞ በቃኝ ብላለች" አለ። መካሪው ወዲያው "ስማ ወንድሜ፣ ቤተሰብህ ይበልጣል፤ ተወው" ይላል። ሾፌሩም መልሱ ዝግጁ ነው፤ "ብተወው ማን ያበላቸዋል?" አያችሁ፣ ለጫቱ ጠበቃ ቆመ። አማካሪው ግን "በአንድ በኩል እንጀራህ አለ፣ በሌላ በኩል ትዳርህ። ሁለቱም ከብደውሃል" ይልና ዝም ይላል። ዝምታው ትንሽ ይረዝማል። ከዚያ ሾፌሩ "እውነቱን ለመናገር፣ መኪና በማልነዳበት ቀንም መቃም ጀምሬያለሁ" ሊል ይችላል። ይህን ዐረፍተ ነገር አማካሪው ቢናገረው ክስ ነው። ሾፌሩ ራሱ ሲናገረው የለውጥ በር ነው።

ለወሎ ሰልጣኝ በጣም የሚከብደው ይህ ዝምታ ይመስለኛል። እንግዳ ፊት ዝም ማለት እንደ ማሳፈር ይቆጠራል። ደግሞ "አብሽር" አለች። እንዴት ያለች ደግ ቃል! የሰው ልብ ታሳርፋለች። ግን አንድ ሰው ሊናገር ገና አፉን ሲከፍት "አብሽር፣ ያልፋል" ካልነው ወሬው እዚያው ይዘጋል። ሰልጣኙ ቃሏን እንዲተዋት አይጠየቅም፤ ከመናገሩ በፊት ሰውየው መጨረሱን ማየት ነው ያለበት። ይህ በወረቀት ሲጻፍ ቀላል ነው። በተግባር ግን ወራት ይፈጃል።

ሱስ ሲባል የትኛው?

በየቡና ቤቱ "እኔ የቡና ሱሰኛ ነኝ"፣ "የስልክ ሱሰኛ ሆነናል" እንላለን። ለጨዋታ ጥሩ ነው። ባለሙያው ግን መለኪያ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች ምደባ ሦስት ምልክቶችን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው መቆጣጠር አለመቻል ነው፤ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚያቆም ከእጁ ሲወጣ። ሁለተኛው ነገሩ ከሥራ፣ ከቤተሰብ፣ ከጤና ሁሉ ሲቀድም ነው። ሦስተኛው የሰውነት መላመድ ነው፤ የቀድሞው መጠን አልበቃ ይላል፣ ሲቋረጥም ሐራራው ይመጣል። ከሦስቱ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ፣ በተለምዶ ለአንድ ዓመት ያህል ከታዩ ጥገኝነት አለ ይባላል።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? የሚቅም ሁሉ፣ የሚጠጣ ሁሉ ታካሚ ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 በመቶው፣ ከሴቶች 12 በመቶው በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። እነዚህን ሁሉ "ሱሰኛ" ብሎ መጥራት ስህተት ነው። የሚጎዱትን ከማይጎዱት መለየት የሥልጠናው የመጀመሪያ ፈተና ነው።

"ሱስ በሽታ ነው ወይስ የጠባይ ችግር?" የሚለው ክርክር እዚህ ይነሳል። በሽታ ነው የሚሉት የአንጎልን የሽልማት ሥርዓት ያነሳሉ፤ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር የሚሠራበትን መንገድ ሱስ ይለውጠዋል፣ ስለዚህ ጉዳዩ የወኔ ማነስ ብቻ አይደለም። ሌላው ወገን ደግሞ ብዙ ሰው ያለ ሐኪም በራሱ ውሳኔ እንደሚተው ያስታውሳል፤ ሁሉን ነገር በሽታ ማለት የሰውየውን ድርሻ ያጠፋል ይላል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። ለአማካሪ የሚጠቅመው፣ ሰውየው እንዳይሸማቀቅ የመጀመሪያውን፣ ተስፋ እንዳይቆርጥ ሁለተኛውን መያዝ ነው።

እዚህ የሚሠራ ሰው ማወቅ ያለበት

ከውጭ የመጣ መማሪያ ስለ ሄሮይንና ስለ ኮኬይን ብዙ ገጽ አለው። ስለ ጫት ካነሳ አንድ አንቀጽ ነው። ደሴ ላይ ቢሮ የሚከፍት ሰው ግን በሩን የሚያንኳኩት ጫት፣ አረቄ፣ ቢራ፣ ሲጋራና ሺሻ ናቸው። ስለዚህ ሰልጣኙ የጎደለውን ራሱ መሙላት አለበት።

ወሎ ላይ ጫት ቅጠል ብቻ አይደለም። ዱዓ ላይ አለ። ወዳጃ በሚባለው የጋራ ጸሎት ላይ ከቡናውና ከዕጣኑ ጋር አለ። ሽማግሌዎች ጉዳይ ሲያዩም ይቀርባል። በሌላ በኩል ያው ቅጠል ተማሪ ለፈተና ሲያጠና አለ፣ ሥራ የፈታ ወጣት በርጫ ላይ ቀኑን ሲገፋ አለ፣ ሾፌር መሪ ላይ ሆኖ ጉንጩን ወጥሮ አለ። ቅጠሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው። "ጫት መጥፎ ነው" ብሎ የሚጀምር አማካሪ የሰውየውን አያትና ዱዓቸውን የሰደበ ይመስላል። "ባህላችን ነው" ብሎ የሚያልፍ ደግሞ እየተጎዳ ያለውን ሰው ሜዳ ላይ ይጥለዋል። የሚሻለው ጥያቄ "ዱዓ ላይ ስትቅምና ብቻህን ስትቅም ልዩነቱ ምንድን ነው?" የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ከኬሚስትሪው በኩል፣ በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚዛመድ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጫት በየቀኑ ትኩሱ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ሲቋረጥ ድካም፣ እንቅልፍ መብዛት፣ መደበትና ዱካክ፣ ማለትም በእንቅልፍ የሚያፍን ቅዠት፣ ይመጣሉ። ዱካክን የማያውቅ አማካሪ፣ ሰውየው "ሌሊት ሌሊት ያፍነኛል" ሲለው ግራ ይገባዋል። ታካሚውም "ካልቃምኩ ጂኒው አይለቀኝም" ብሎ ተመልሶ ይቅማል። "ይህ የሐራራው አካል ነው፣ ከቀናት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብዙ ያድናል።

ቀጥሎ ጨብሲ አለ። ሰው ይቅማል፣ ይመረቅናል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበርና ለመተኛት ይጠጣል። ጠዋት ደብሮት ይነሳል፣ ከሰዓት ደግሞ ይቅማል። ሁለቱ ሱሶች እንደ ገመድ ተገምደዋል። አማካሪው ጫቱን ብቻ ነጥሎ ከያዘ መጠጡ ይጎትተዋል፤ መጠጡን ብቻ ከያዘም ጫቱ። ታሪኩን ከቅሚያ እስከ እንቅልፍ፣ በሰዓት በሰዓት መጠየቅ ያስፈልጋል። ሙስሊም የሆነ ታካሚ ስለ ጫቱ በግልጽ አውርቶ ስለ ጨብሲው ዝም ሊል ይችላል፤ መጠጡን ከሰው ሁለት እጥፍ ነው የሚደብቀው። ይህን ቀድሞ የገመተ አማካሪ ያለ ፍርድ ይጠይቃል። ያልገመተ ግማሹን ታሪክ ይዞ ይሠራል።

መለኪያውም ሌላ ጣጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኦዲት የሚባል አሥር ጥያቄ ያለው የአልኮል መመዘኛ አለው። ጥያቄዎቹ "ስንት መጠጥ?" ይላሉ፤ አንድ መጠጥ ወደ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። ታዲያ አንድ ጣሳ ጠላ ስንት ነው? ጠላ እንደ ጠማቂው ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ ያልፋል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ ወደ 13 ግራም ይሆናል። እነዚህን ወደ መለኪያ፣ ወደ ብርሌ፣ ወደ ጣሳ የማይመነዝር አማካሪ መጠይቁን ሞልቶ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይወጣል።

ሰዎቹም ይለያያሉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ የተያዙበት ጊዜ ከብዙ ቤት አልወጣም፤ እንቅልፍ ፍለጋ የሚጠጣ ሰው አለ። በባቲና በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ዓረብ አገር ሄዶ ተባሮ የተመለሰ ወጣት አለ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ፣ ከቤተሰብ የራቀች ልጅ አለች። የሴቶቹ ነገር በተለይ ይደበቃል። "ልጄ ይጠጣል" ያለች እናት "ልጄ ትጠጣለች" ለማለት ምላሷ ይተሳሰራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ትልቅ ከተማ ብትመስልም "የማን ልጅ ነህ?" ከተባለ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዘመድ ይገኛል። ምሥጢር መጠበቅ እዚህ ከአዲስ አበባ ይከብዳል። ፒያሳ ላይ ታካሚህን ብታገኝ ሰላም ትለዋለህ ወይስ አትለውም? መልሱ አስቀድሞ ከራሱ ከታካሚው ጋር የሚወሰን ነው፤ "መንገድ ላይ ብንገናኝ ምን ላድርግ?" ብሎ መጠየቅ። ይህን የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ ቢኖርም፣ ከተማዋን የሚያውቅ ሰው እንደሚያስተምረው አይሆንም።

የማይታለፈው ክፍል፦ አደጋን ማወቅ

ሥልጠናው ውስጥ ብዙ ነገር አለ። የሕይወት ታሪክ አወሳሰድ፣ የቤተሰብ ውይይት፣ የማገርሸት መከላከል፣ መዝገብ አያያዝ። አንዱ ግን ቢጎድል ሰው ይሞታል።

ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተሉ ይችላሉ፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒትና ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ነው፤ የሚሰጠውም በሐኪም ነው። አማካሪ መድኃኒት አያዝም። ግን "ዛሬውኑ ቁርጥ አድርገህ ተው" ብሎ ሰውየውን ወደ ቤቱ ከላከው፣ በቅን ልብ አደጋ ውስጥ ከትቶታል።

ቤተሰብም ይህን ባለማወቁ ጠጪውን ክፍል ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ወይም ያለ ምንም ክትትል ጸበል ይወስደዋል። ጸበሉን መቃወም አያስፈልግም። ሰው እምነቱ ጋ ሲሄድ ብርታት ያገኛል፤ ከሚያጠጡት ጓደኞቹም ይርቃል፣ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሰለጠነ አማካሪ ግን "መጀመሪያ እነዚያን አደገኛ ቀናት ሆስፒታል እናሳልፋቸው፣ ከዚያ ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥላል" ማለት ይችላል። ከካህኑና ከሼኹ ጋር ተነጋግሮ የአደጋ ምልክቶቹን ቢያሳውቃቸው ደግሞ እነሱ ራሳቸው ወደ ሆስፒታል የሚልኩ ይሆናሉ።

የጫት ሐራራ እንዲህ አይገድልም። ነገር ግን መደበቱ ሲበረታ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ መጠየቅ ግድ ነው። ሰልጣኞች ይህን ጥያቄ ይፈራሉ፤ "ብጠይቀው አስታውሰዋለሁ" ይላሉ። በግልጽና በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ለሰውየው ቀለል ይለዋል።

በየት በኩል ይገባል?

በአገራችን "የሱስ አማካሪ" የሚል ራሱን የቻለ የሙያ መስመር ገና አልተለመደም። ሰው የሚገባው ከሌላ ሙያ በኩል ነው። የሥነ አእምሮ ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ሳይኮሎጂና ሶሻል ወርክ ዋናዎቹ በሮች ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮም የሳይኮሎጂም ትምህርት ክፍሎች አሉት፤ ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ መሠረቱን ለመያዝ አገር አቋርጦ መሄድ የለበትም።

በሮቹ እኩል አይደሉም። በጤና በኩል የገባ ሰው የሙያ ፈቃድ ይኖረዋል፣ አደጋውን ያውቃል፣ ሆስፒታል ውስጥ የሥራ መደብ ያገኛል። የሚያጥረው ለአንድ ታካሚ አንድ ሰዓት ሰጥቶ የመስማት ልምድ ነው፤ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ወረፋው አያደርስም። በሳይኮሎጂ የገባው ንድፈ ሐሳቡን ይዟል፣ ማዳመጥም ተምሯል፤ ግን ታካሚ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሠሩ ነው የምመርጠው።

ከዚያ በላይ ያለው የሱስ ሥልጠና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው፣ ኤምኤች ጋፕ የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች አልኮልንና ሌሎች ሱሶችን ጨምሮ መሠረታዊ እርዳታ እንዲሰጡ ያሠለጥናል። ኢትዮጵያም ተጠቅማበታለች። የተባበሩት መንግሥታት የመድኃኒትና ወንጀል ቢሮም የሱስ ሕክምና መማሪያዎች አሉት። መቀመጫውን ስሪላንካ ያደረገው ኮሎምቦ ፕላን የተባለ የአገሮች ትብብር ድርጅት ደግሞ ለሱስ ባለሙያዎች በደረጃ የተከፋፈለ ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅቷል፤ ፈተና አልፎ ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ ለማግኘትም መንገድ አለው። እነዚህ ጠቃሚ ናቸው። ሁሉም ግን ሙያ ላለው ሰው የሚጨመሩ ናቸው፤ ባዶ ላይ የሚቆሙ አይደሉም።

"እኔ ራሴ አልፌበታለሁ"

ይህ ክርክር ችላ ሊባል አይገባም። ከሱስ የወጣ ሰው ያለው ተቀባይነት ማንም ዲግሪ አይሰጠውም። "አንተ ምን ታውቃለህ?" አይባልም። በታሪክም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ ከሱስ የወጡ ሰዎችን አሠልጥኖ በደመወዝ አማካሪ አድርጎ መቅጠር በ1950ዎቹ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ተጀምሮ በሰፊው የተስፋፋ አሠራር ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው? ያለፈበትን አንድ መንገድ ብቻ ማወቁ ላይ። እሱ በጸሎት ከወጣ ሁሉም በጸሎት ይውጣ ይላል። እሱ በአንድ ቀን ከቆረጠ "ቆራጥነት ነው የሚያንስህ" ይላል፤ ያ ለአልኮል ጥገኛ አደገኛ ምክር መሆኑን ከላይ አይተናል። በዚያ ላይ የታካሚው ታሪክ የራሱን ቁስል ሊነካበት ይችላል፤ በርጫ ቤት ሄዶ ሰው ሲያወጣ ራሱ ሊገባ ይችላል። የሚያስኬደው አጋዥ አድርጎ መጀመር ነው። ታካሚን ቀጠሮ ያስታውሳል፣ አብሮት ይሄዳል፣ ቤተሰብ ያጽናናል፤ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ወደ ባለሙያው ያሻግራል። ቀስ እያለም ይማራል። ዲግሪ ያለውም፣ ልምድ ያለውም አንድ የጋራ ነገር ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ ቀጥሎ ያለው ነው።

አራሚው

በሙያው ቋንቋ ሱፐርቪዥን ይባላል። ቃሉ እኛ ዘንድ ቁጥጥር ይመስላል፤ ማን አረፈደ፣ ማን ቀረ የሚል አለቃ። እዚህ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከሰልጣኙ ጋር ይቀመጣል። ሰልጣኙ ያየውን ጉዳይ ስም ሳይጠራ ያቀርባል። "እዚህ ጋ ለምን ቸኮልክ?"፣ "ሲያለቅስ ለምን ወሬ ቀየርክ?" ይባላል። ታካሚው ከፈቀደ የድምፅ ቅጂ ይሰማል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ፈቃድ የሚገኘው ከትምህርቱ በተጨማሪ እንዲህ በክትትል የተሠሩ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት ሲሟሉ ነው።

ነገሩ ለወሎ እንግዳ አይደለም። ደረሳ ኪታቡን ለብቻው አንብቦ ሼኽ አልሆነም፤ ሼኹ ፊት ቁጭ ብሎ አሰምቶ ነው። የቆሎ ተማሪም ድጓውን ከመጽሐፍ ብቻ አልያዘም፤ የኔታ ፊት ዜማው ሲሰበር "ድገም!" እየተባለ ነው። ሁለቱም ወገን አራሚ የሌለውን ትምህርት ትምህርት አላለውም። የሱስ ምክር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አፍ ያጠፋውን ጆሮ ነው የሚያርመው፣ ያም ጆሮ የሌላ ሰው መሆን አለበት።

ታዲያ ለምን ጠፋ? የመጀመሪያው ምክንያት የሰው ቁጥር ነው። በሱስ ሕክምና በጥልቀት የሠለጠኑት ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ የተደራጀው አገልግሎትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፣ እንደ አማኑኤልና እንደ ጳውሎስ ባሉ ሆስፒታሎች። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለተኛው፣ ማረም እንደ ሥራ አይቆጠርም። አንድ ባለሙያ አርባ ታካሚ አየ ቢባል ሪፖርት ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ሰልጣኝ አረመ ቢባል የሚሞላበት ሳጥን የለም። ሦስተኛው ደግሞ የእኛው ጠባይ ነው። ስህተትን በሰው ፊት ማውጣት እናፍራለን። ዲግሪ ከያዝን በኋላ መታረም እንደ ውርደት ይታየናል። ውጤቱ ግን ታካሚው ላይ ያርፋል፤ አንድ አማካሪ ያንኑ ስህተት ለአሥር ዓመት ሲደግም ማንም አይነግረውም።

አራሚ የሌለው አማካሪ ራሱም ይደክማል። የዚህ ሥራ ባሕርይ ማገርሸት ነው። ስድስት ወር ትቶ የቆየው ሰው አንድ ቅዳሜ ይመለስበታል። ልምድ የሌለው አማካሪ ይህን እንደ ራሱ ውድቀት ይቆጥረዋል፣ ወይም ታካሚው ላይ ይቆጣል። ሰውየውም አፍሮ ይጠፋል። አንድ ሰው "ይህ ያጋጥማል፤ ምን እንደቀደመው አብረን እንይ" ቢለው ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር።

ወዴት እየሄደ ነው?

አጭር ኮርስ መብዛቱ በራሱ ክፉ አይደለም። አስተማሪው፣ የፋብሪካ ነርሷ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መሠረታዊውን ቢያውቁ ሰው ቶሎ ይደረስለታል። በዚህ የሚከራከሩት ወገኖች ልክ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ማስተርስ እስኪይዝ ቢጠበቅ ትውልድ ያልፋል። አደጋው የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪውና አማካሪው በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ቤተሰብ ልዩነቱን አያውቅም። ከዘመድ ተበድሮ ማገገሚያ ተብሎ ለተከፈተ ቤት ይከፍላል፤ ልጁ ሲያገረሽበትም "ሕክምናም ሞክረን አልሆነም" ይላል። ያ ቤተሰብ ሁለተኛ አይሞክርም። ያልሠለጠነ ሰው የሚያጠፋው የያዘውን ታካሚ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን እምነትም ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ግን ለመጀመር የሚያስችል ነገር አላቸው። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ከተሞች ውስጥ የሚሠሩ አምስት ስድስት ባለሙያዎች በወር ሁለቴ ተገናኝተው ጉዳይ ቢያቀርቡና ቢተራረሙ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ደግሞ በቪዲዮ ቢገባላቸው፣ ሕንፃም በጀትም ሳይጠበቅ ሥራው ይጀመራል። እርስ በርስ መተራረም ልምድ ያለውን ሰው አይተካም። ከምንም ግን በጣም ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ኮርስ ለመመዝገብ ያሰበ ሰው አስተባባሪውን እነዚህን ይጠይቅ። ሰርተፍኬቱን የሚያውቀው ማነው፣ ቀጣሪ ወይስ አዘጋጁ ብቻ? ስለ አልኮል ማቋረጥ አደጋ ስንት ሰዓት ይሰጣል? ጫት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለ? ከእውነተኛ ታካሚ ጋር የሚደረግ ልምምድ የት ነው፣ ፈቃድ ያለው ተቋም ነው? ልምምዱ ላይ ስሳሳት ማን ያየኛል፣ በየስንት ጊዜውስ ይቀመጥልኛል?

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ የሰው ስምና የሳምንቱ ቀን ካልተነገራችሁ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ ቦታ ጠይቁ።